የክረምቱ ገንዘብ ለተማሪዎች ይዋል ወይስ ለመምህራን?

ጥያቄው የቀረበው በአንዲት አነስተኛ ከተማ ከሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ለክረምት የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ መድቧል። ከአባላቱ ከፊሎቹ ገንዘቡ ለተማሪዎች ማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል ይላሉ፤ ሌሎቹ መምህራኑን ማሠልጠን ይቀድማል ባዮች ናቸው፤ ልጆቹም መምህራኑም ዓመቱን ሙሉ ደክመዋልና ይረፉ የሚሉም አሉ። ጠያቂው በመጨረሻ «የክረምት ትምህርት በእርግጥ ውጤት ያመጣል? የሚያመጣ ከሆነስ ለማን እናስቀድም?» ብለዋል።

ውጤት ያመጣል፤ ነገር ግን የሚያመጣው በተወሰነ መልኩ ሲሠራ ብቻ ነው። ለማን ይቅደም ለሚለው ደግሞ ሁለቱን ባትነጥሏቸው እመክራለሁ። በመምህራን ትምህርት ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ያመንኩበት ነገር ቢኖር፣ መምህሩ በክረምት ሊያገኝ የሚችለው ምርጥ ሥልጠና ማንበብ ያልቻሉ ጥቂት ልጆችን ይዞ፣ ባልደረባው እያየው፣ በየቀኑ ማስተማር መሆኑን ነው። ልጆቹም የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ስለ ክረምት ትምህርት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ነው። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. 39 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ተማሪዎች ከረጅሙ ዕረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀሩ፣ ጉዳቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ እንደሚበረታ ገልጸዋል። በባልቲሞር ከተማ ልጆችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎችም በዘጠነኛ ክፍል በድኻና በተሻለ ኑሮ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች መካከል የታየውን የውጤት ልዩነት አብዛኛውን ያመጣው በየዓመቱ የተደራረበው የዕረፍት ጊዜ ነው ብለው ነበር። ይህ መደምደሚያ ከጊዜ በኋላ ተፈትኗል፤ ፖል ቮን ሂፕልና ሌሎች የቆዩት ፈተናዎች ውጤት የሚለካበት ስልት ልዩነቱን አጋንኖ ሊያሳይ እንደሚችል አመልክተዋል። ስለዚህ «ልጆች በዕረፍት ይረሳሉ» የሚለውን ብቻ ይዞ ወመህን ለማሳመን መሞከር ጠንካራ መሠረት አይሆንም።

ለእኛ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስብ ነገር አለ። ልጅ ሊረሳ የሚችለው የያዘውን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በስምንት ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነጻ ዝውውር ያልፋሉ፤ አራተኛ ክፍል ሲደርሱ የአካባቢ ሳይንስና የሒሳብ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል፤ መጽሐፉን ግን ማንበብ አይችሉም። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ የአሥር ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ በተከታዩ ዓመትም በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ። ማካካሻው አስፈላጊ ነበር። ሆኖም ጉድለቱ የሚጀምረው በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ነው፤ በዚያ ደረጃ ማካካሻ ትምህርት ለመስጠት አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም።

በዓመቱ ውስጥ ይህን ለምን አንሠራም የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱን መምህራኑ ያውቁታል። መምህሩ የዓመቱን ዕቅድ አስገብቷል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚያየው ምዕራፍ ስንት እንደ ደረሰ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ 60ም 70ም ልጅ አለ፤ ከመካከላቸው ያላነበቡትን ለይቶ ወደ ፊደል ቢመለስ መጽሐፉ አያልቅለትም። ክረምቱ ዋጋ ያለው የምዕራፍ ግዴታ የሌለበት ብቸኛው የዓመቱ ክፍል ስለሆነ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎ በሕንድ የሆነውን ላንሳ። በቢሃር ክልል፣ ፕራታም የተባለው ድርጅት ከክልሉ መንግሥት ጋር ሆኖ በሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. ትምህርት ሲዘጋ ለአንድ ወር ያህል የንባብና የሒሳብ ካምፕ አካሄደ። የተመረጡት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ናቸው። ያስተማሩት የዚያው ትምህርት ቤት የመንግሥት መምህራን ሲሆኑ ለወሩ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጥቷቸዋል፤ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞችም ረድተዋቸዋል። ልጆቹ የተመደቡት በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት ልክ ነው። ጥናቱን ካደረጉት መካከል ከጊዜ በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል። በካምፑ የተገኙት ልጆች ከሚጠበቁት ጥቂቶቹ ቢሆኑም፣ የተገኙት በአንድ ወር ውስጥ በግልጽ የሚታይ ለውጥ አሳዩ። ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በትምህርት ዓመቱ ለመምህራን ሥልጠናውና የማስተማሪያ ቁሳቁሱ ብቻ ሲሰጥ በተማሪዎቹ ላይ ለውጥ አልታየም። በክረምት ልጆችን ያስነበበው ያው የመንግሥት መምህር ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ወደ ክፍል ሲገባ ወደ መጽሐፉና ወደ ምዕራፉ ተመለሰ። ስለዚህ የመምህራኑ ችሎታ ወይም ፈቃደኝነት ጎድሏል ማለት አይቻልም፤ የጎደላቸው በልጁ ደረጃ ለማስተማር የተፈቀደ ጊዜ ነው። ወመህ ውስጥ «ችግሩ የመምህሩ ነው» የሚሉ ወላጆች ካሉ ይህን ቢያስረዷቸው ደስ ይለኛል፤ መምህራኖቻችን ይህን ወቀሳ ከሚገባው በላይ ተሸክመዋል።

ከዚህ በመነሳት የመጀመሪያው ሥራ ልጆቹን መለየት ነው። ሰኔ ከማለቁ በፊት የሁለተኛ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ በአንድ አስቀርቦ ማስነበብ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ልጅ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በአንድ ወረቀት ላይ የተበታተኑ ፊደላት፣ ከታቻቸው አጫጭር ቃላት፣ ቀጥሎ የሦስት ወይም የአራት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ፣ በመጨረሻ አንድ አጭር ታሪክ ይኑር። ፊደላቱ የተበታተኑ ይሁኑ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን ሀ ሁ ሂን በዜማ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳሉ፤ ዜማው ላይ ያለ ልጅ የቻለ ይመስላል። «ዉ» ወይም «ጬ» ብቻዋን ስትቀርብለት ግን ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ ሳይቆጥር አይደርስባትም። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዷን በራሷ ማወቅ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ በጥንት ፊደል ቆጣሪዎች ዘንድ ከገበታው ታች ወደ ላይ፣ ከዳር ወደ መሐል ማስቆጠር የተለመደ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር ይህን የሚያደርገው ልጁ በዜማ እንዳይሸነግለው ነው፤ ዘመናዊው ክፍልም ይህን ልማድ ቢወርሰው መልካም ነው።

ፊደል ለይቶ ቃል ላይ የሚቸገረው ልጅ ሌላ ዓይነት እርዳታ ይፈልጋል። በአማርኛ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት ሳድስ ላይ ነው፤ «ት» በ«ትምህርት» መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዛ ሁለት ዓይነት ትነበባለች። የሚጠብቀውና የሚላላውም በጽሑፉ ላይ ምልክት የለውም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ «አለ» መኖሩ ይሁን መናገሩ፣ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ፊደል በፊደል እየጠራ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን ሁሉ በትክክል ጠርቶ እንኳ ቃሉን ላያውቀው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ተጨማሪ የፊደል ገበታ መስጠት ጥቅም የለውም፤ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰውና ደግሞ ደጋግሞ የሚያነበው አጭር ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ሒሳቡም በዚሁ መንገድ ይታይ፤ ቁጥር መለየት፣ መደመር፣ ተበድሮ መቀነስ፣ ማካፈል። ከልምድ እንደምናውቀው የአራተኛ ክፍሉ ልጅ የሚሰናከለው በአብዛኛው ተበድሮ መቀነስ ላይ ነው።

በዚህ መሠረት ልጆቹ በሦስት ወይም በአራት ቡድን ይከፈላሉ፤ የሁለተኛ ክፍሉና የአራተኛ ክፍሉ ልጅ አንድ ቡድን ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ትልልቆቹ እንዳያፍሩ መምህሩ መጀመሪያውኑ ቡድኖቹን በክፍል ስም ባይጠራቸው ጥሩ ነው። በአንድ ቡድን ከ20 የበለጠ ልጅ ባይኖር እመርጣለሁ።

በግል ትምህርት ቤቶችና በየሠፈሩ የሚሰጠው የክረምት ማጠናከሪያ አብዛኛው የመጪውን ክፍል መጽሐፍ ማስቀደም ነው። ቀድሞ ለሚያነብ ልጅ ይህ ጉዳት የለውም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስን ገንዘብ ግን ለዚህ መዋል የለበትም፤ ወደ ፊት የሄደውን የበለጠ አስኪዶ የቀረውን እዚያው ይተወዋል።

አሁን ወደ መምህራኑ ልምጣ። በአገራችን ክረምት የመምህራን ትምህርት ወቅት ሆኖ ኖሯል። ሰርተፊኬት ይዘው የጀመሩ መምህራን በየክረምቱ ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እየተመላለሱ ዲፕሎማ፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አግኝተዋል፤ ቤተሰባቸውን ትተው፣ በዶርም ተጨናንቀው፣ የአንድ መንፈቅ ትምህርት በሁለት ወር እየጨረሱ ነው። የዚህን ትውልድ ትጋት በታላቅ አክብሮት አየዋለሁ፤ ይህ መርሃ ግብር ባይኖር ኖሮ በገጠር ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሠለጠነ መምህር አያገኙም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምትም ትምህርት ሚኒስቴር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በዩኒቨርሲቲዎች አሠልጥኗል። ለሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ወይም የሒሳብ መምህር የትምህርት ይዘቱን ማጠናከር እጅግ ያስፈልገዋል፤ ይህን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የተሻለ የሚያደርገው የለም።

የእርስዎ መምህራን ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የሁለተኛ ክፍል መምህር የሚያስተምረውን ይዘት ያውቀዋል፤ ፊደል አይጠፋውም። የሚቸግረው የማያነበውን ልጅ ማስነበብ ነው፤ ይህ ደግሞ በአዳራሽ ተቀምጦ በሚሰማ ትምህርት የሚያዝ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር፣ ሴትስዋና ተናጋሪ የመጀመሪያ ክፍል ልጆችን በሚያስተምሩ መምህራን ላይ የተደረገ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት የትምህርት ዕቅድና መጻሕፍት ተሰጣቸው፤ የአንዱ ቡድን መምህራን በማዕከል ተሰብስበው ሠለጠኑ፤ የሌላው ቡድን መምህራን ዘንድ አሠልጣኝ በየክፍላቸው እየገባ አብሯቸው ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለተኛው ቡድን ተማሪዎች ያገኙት የንባብ ለውጥ ከመጀመሪያው በእጥፍ ገደማ በለጠ። በውሎ አበል በሆቴል አዳራሽ የሚካሄድ የሁለት ቀን ሥልጠና ገንዘባችሁን ጨርሶ በመስከረም ክፍል ውስጥ የሚታይ ነገር የማይተወው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የምመክረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ጠዋት ልጆቹ ይማራሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን አንድ መምህር ያስተምራል፤ ሌላው ባልደረባው ከኋላ ተቀምጦ የትኛው ልጅ የት ላይ እንደተያዘ ይመዘግባል። ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል መምህራኑ አብረው ይቀመጣሉ። የሚነጋገሩት ስለ መምህሩ ሳይሆን ስለ ልጆቹ ነው፤ ይህ ልጅ ዛሬ «ብ»ን አልለየም፣ ያቺ ልጅ አንቀጹን አንብባ የጠየቅናትን አልመለሰችም፤ ነገ ምን እናድርግ? በማግስቱ ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። በአቅራቢያችሁ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ካለ የቋንቋ መምህር በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ከመምህራኑ ጋር እንዲቀመጥ በደብዳቤ ጠይቁ። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ለዚህ ነው። ቀኑ ሦስት ሰዓት፣ ጠቅላላው 20 የሥራ ቀን ቢሆን 60 ሰዓት ይመጣል፤ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ማዕቀፍ ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት የሚጠበቀው 60 ሰዓት በመሆኑ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድመው ተነጋግረው በተሙማ ማኅደር እንዲያዝላቸው ማድረግ ይገባል። የመምህሩን ድካም በወረቀትም ማክበር ያስፈልጋል።

20 ቀን ያልኩት በሌላም ምክንያት ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በአምስት የአሜሪካ ከተሞች የተካሄዱ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት የሚቆዩ ነጻ የዕረፍት ጊዜ ትምህርቶችን ሲገመግም፣ በተለይ ጥቅም ያገኙት 20 ቀንና ከዚያ በላይ የተገኙት ልጆች እንደሆኑ አረጋግጧል። ተመዝግቦ መቅረት እዚያም ትልቁ እንቅፋት ነበር፤ በቢሃርም እንዲሁ። እኛ ዘንድ የሚያስቀረው ነገር ግን ራሱን የቻለ ነው። ነሐሴ ከገባ የአረም ሥራ ይበረታል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ብዙ ልጆች ጾመው ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ በዚሁ መሐል ቡሄ አለ፤ ከዚያም አንዳንድ አካባቢ ሻደይና አሸንዳ ይከተላሉ። በዚህ ወቅት ልጆችን ትምህርት ቤት ላቆይ ማለት ከወላጅም ከልጅም ጋር መጋጨት ነው። ሐምሌን ተጠቀሙበት፤ ከሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ አራት ሳምንት ሰኞ እስከ ዓርብ። በደጋው ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ትምህርቱ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 ይሁን። ይህ ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታይዎ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ቢጮህም አይሰማም፤ የንባብ ትምህርት ደግሞ ካልተሰማ ትምህርት አይደለም። ወንዝ ተሻግረው የሚመጡ ልጆች ካሉም ሙላቱ ሳይመጣ ይደርሳሉ። ከብት የሚጠብቁ ልጆችን በተመለከተ ወላጆችን በሰኔ አነጋግሩ፤ በጋራ እንዲያስጠብቁ ወይም ታላቅና ታናሽ እንዲፈራረቁ ማድረግ በብዙ ቦታ የሚቻል ነው። ትምህርት ቤቱ ምገባ ያለው ከሆነ በክረምት እንደሚቋረጥ አትርሱ፤ ቆሎም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን፣ ከገንዘቡ ጥቂቱ ለዚህ ይቀመጥ።

«ይረፉ» ለሚሉት የወመህ አባላት ሐሳባቸው ትክክል መሆኑን መንገር ይገባል። አራት ሳምንት ብቻ፣ ያውም ግማሽ ቀን የምለው ለዚህ ነው፤ ነሐሴና ጳጉሜ ሙሉ በሙሉ የልጆቹና የመምህራኑ ናቸው። ማንም መምህር ተገዶ መግባት የለበትም፤ በክረምት ዲግሪውን የሚማረው መምህር ከዚህ ሥራ ነጻ ይሁን። ለሚሠሩት መጠነኛም ቢሆን ክፍያ ይሰጣቸው። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚመደቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገኙ እጅግ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠው ምዘናውንና የቡድን አሠራሩን ሳያዩ ልጆች ፊት አይቁሙ፤ ከመምህር ጎን ይሁኑ እንጂ የመምህርን ቦታ አይተኩ።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። የሚነበብ ነገርና ተከታታይ ትምህርት ባላገኙበት አካባቢ ግን ብዙዎቹ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። የሐምሌ ልጆቻችሁም በነሐሴ የሚያነቡት ከሌላቸው ያው ይደርስባቸዋል። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል-ፍራንዘን በፍሎሪዳ ለድኻ ቤተሰብ ልጆች ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ዕረፍት ሲገባ ራሳቸው የመረጧቸውን መጻሕፍት ብቻ በመስጠት በንባብ ፈተና ላይ የሚታይ ለውጥ አግኝተዋል። ስለዚህ ሐምሌ ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ምርጫ ሁለት ወይም ሦስት የተረት መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍታችሁ ተውሶ ይሂድ። ይጠፋሉ ብላችሁ አትሥጉ፤ ጥቂት ቢጠፉም ከመደርደሪያ ላይ ከሚያረጁ ይሻላል።

ለወመህ ሪፖርት የሚሆነውም ከዚሁ ይገኛል። በሰኔ ልጆቹን የፈተናችሁበትን ወረቀት በሐምሌ ማብቂያና በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በሌላ ምንባብ ደግማችሁ ፈትኑበት፤ ስንት ልጅ ከፊደል ወደ ቃል፣ ስንቱ ከቃል ወደ አንቀጽ እንዳለፈ በአንድ ገጽ ይቀመጥ። ዝርዝሩን ደግሞ መስከረም ሲገባ ለአዲሱ የክፍል መምህር በስም ስጡት፤ የትኛው ልጅ አሁንም እርዳታ እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ሳምንት ያውቃል። ከተቻለም የትምህርት ክፍለ ጊዜውን ሳይነኩ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከመደበኛው ትምህርት በፊት ለ40 ደቂቃ፣ የሐምሌው ቡድን እንዲቀጥል ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ጊዜው ካልተፈቀደ ምን እንደሚሆን የቢሃር መምህራን አሳይተውናል።